የዙቤይዳ የዳጉ ስሌት

የከሚሴዋ ዙቤይዳ እንድሪስ በ2003 ዓ.ም. ክረምት ሰፈሩን ሁሉ ወሬ ስታስወራ ከረመች። ወሬኛ ሆና አይደለም። የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነበረች፤ ደሴ ላይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተዘጋጀው የስድስት ሳምንት የክረምት ምርምር ከታቀፉት አሥራ ሁለት ልጆች አንዷ። «ከየአገራችሁ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ» ሲባሉ ሌላው ከመጽሐፍ ገልብጦ መጣ፤ እሷ ዳጉን ይዛ ሄደች።

ዳጉ የአፋሮች ወግ ነው። ሁለት ሰዎች ከተገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳያስቀሩ ይለዋወጣሉ። አባቷ እንድሪስ ሰንበቴ ገበያ ፍየል ሲነግድ ስለኖረ ወጉን ከደንበኞቹ ለምዶታል። የዙቤይዳ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ወሬ ቢኖረው፣ ሁሉም ሁሉን እስኪያውቅ ቢያንስ ስንት ዳጉ ያስፈልጋል? ለአራት ሰው አራት፣ ለአምስት ስድስት፣ ለስድስት ስምንት፤ አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር ሁለት ዳጉ ይጨመራል። ይህን ለማየት በየሳምንቱ መጨረሻ ከደሴ ከሚሴ እየመጣች ጎረቤቶቿን ከየበራቸው እየጎተተች፣ «ለሰሊማ ብቻ ንገሯት፣ ለሌላ ትንፍሽ እንዳትሉ» እያለች ስታጣምራቸው ሰነበተች። ለአንድ ሰው ብቻ መንገር ግን ከእትዬ አሻ አቅም በላይ ነበር፤ ስሌቱ በሳቸው ምክንያት ሦስት ጊዜ ፈረሰ።

ችግሩ ሌላ ነው። ከዚህ ባነሰ ዳጉ ፈጽሞ እንደማይቻል ማረጋገጫ የላትም። መምህሯ ዶክተር ሲራጅ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ሰኞ ጠዋት ማረጋገጫ ይዛ ካልቀረበች ጥያቄው ለቶፊቅ ቡድን ይሰጣል። ቶፊቅ ደግሞ ጎበዝ ነው፤ ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው። የወለደችውን ልጅ ጎረቤት እንዲያሳድገው የተፈረደባት ያህል ከፋት።

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ አባቷ ከሰንበቴ እየተነጫነጨ ገባ።

«አካም ኦልቴ፣ አባዬ?» አለችው በኦሮምኛ፤ እንዴት ዋልክ ማለቷ ነው።

«ነጋ! ምን ነጋ፣ ምን ሰላም አለ? ወላሂ ዛሬ ቀኔን በሉት! አንዱ አፋር ወዳጄ ጎትቶ አስቀመጠኝና፣ ከሚሴ ያለ የአንድ ነጋዴ ጥቁር ፍየል ሦስት ወለደች ብሎ አንድ በአንድ አወጋኝ። ፍየሏ የኔ! ወሬውም የኔ! ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው የነገርኩት ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ መጣ። የራሱን ወሬ መልሶ የሚሰማ ሰው ምን ይሠራል? እሱን ቢተውት ምን ይጎድላል?»

ዙቤይዳ ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ ተነሳች። «ምን አልክ?»

«ፍየሏ የኔ ናት አልኩ።»

«ከዚያ በኋላ ያልከውን!»

ደገመላት። ግንባሩን፣ ሁለት ጉንጩን፣ መልሳ ግንባሩን ሳመችው። «ይቺ ልጅ ደኅና ናት?» አለ እንድሪስ፣ ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ ካገኘችው ባነሰ ዳጉ ወሬውን የሚያዳርስ ብልሃት አለ እንበል። በዚያ ውስጥ የራሱን ወሬ መልሶ የሚሰማ ሰው ከተገኘ፣ ያን ሰው አውጥቶ የቀሩትን በሁለት ባነሰ ዳጉ ማዳረስ ይቻላል። እንዲህ ሰው እየቀነሱ ሲወርዱ ለአራት ሰው ከአራት ያነሰ ዳጉ የሚል የማይሆን ነገር ላይ ይደረሳል። ስድስት ሳምንት የተቆለፈው በር ይህ ነበር፤ የቀረው፣ ማንም የራሱን ወሬ መልሶ የማይሰማበት ብልሃት፣ ቁልቁለት ነው። ብቻዋን እየሳቀች ጻፈች፤ የማታው የኢሻ ሶላት ሳይደርስ ጨረሰች።

ሰኞ ጠዋት ደሴ ላይ ዶክተር ሲራጅ እሷ የሞላችውን ሰሌዳ ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አዩት። ቶፊቅ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፤ ሁለቱንም መለሰችለት። «ጥያቄው ያንቺ ነው» አሏት ዶክተሩ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እሷም ራሷን ረስታ አብራ አጨበጨበች። ደስታውን ደረቷ አልችል ብሎ እየሮጠች ወጣችና አባቷ ጋ ደወለች።

«አባዬ፣ እኔ...»

«ሰምተናል፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ! ሰምተናል!»

አብራት የምትማረው የከሚሴዋ ሳሚያ ገና ጭብጨባው ሳያልቅ ለእናቷ ደውላ ኖሯል፤ እናቷ ለእትዬ አሻ፣ እትዬ አሻ ለከተማው። «ዶክተሩ ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ አዩት አሉ። አንዱ ልጅ ሁለት ጊዜ ሊጥልሽ ሞከረ፣ አልወደቅሽም አሉ። ማሻ አላህ!» እንድሪስ እያለቀሰ ነበር፤ እያለቀሰም ይስቃል።

በራሷ ስሌት ይህ ዳጉ ትርፍ ነው። ዙቤይዳ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ፣ አባዬ» አለችው።