ነጎድጓድና ቃል አቀባይዋ

ከመድረኩ በስተግራ፣ በመጋረጃውና በግድግዳው መካከል፣ አንድ ወንበር ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ቦታ አለ። እዚያ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። ሥራዋ፣ ተዋናይ የሚለው ሲጠፋበት ከደብተሯ እያየች ሹክ ማለት ነው። ተዋናዮች መድረክ ላይ የሚናገሩትን «ቃል» ስለሚሉት፣ እሷም ያንን ስለምታቀብል፣ የሥራ መደቧ «ቃል አቀባይ» ነው። ደረቷ ላይ የሚንጠለጠለው መታወቂያም በደማቁ እንዲሁ ይላል። ሌላው ዓለም ቃል አቀባይ የሚለው ከረባቱን አጥብቆ በቴሌቪዥን «ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው» የሚለውን ሰውዬ መሆኑ ለቲያትር ቤቱ ሰው ትዝ ብሎት አያውቅም።

ሹክታዋ ተአምር ነው። የፊት ረድፍ ተመልካች አንዲት ፊደል አይሰማም፤ ተዋናዩ ግን ከመድረኩ ማዶ ሆኖ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ይለቅማል። በተለይ ዋናው ተዋናይ። ይህ ሰው ሲያስነጥስ ሁለት ሠፈር አልፎ የቆመ መኪና ስለሚጮህ ነጎድጓድ ይሉታል። ድምፅ እንጂ ማስታወስ አልታደለም፤ የሠርጉን ቃለ መሐላ እንኳ እሷ ናት ከጀርባው ሆና ያቀበለችው እየተባለ ይወራል። ችግሩ ቤት ነው። ሹክ ማለት ከመልመዷ የተነሣ ድምፅ ማውጣት ጠፍቶባታል፤ እናቷ ደግሞ ጆሯቸው ከብዷል። «ጨው አቀብዪኝ» ለመባባል ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው እንደ ሌባ ታወሪያለሽ?» ይላሉ እናት።

እንዲህ እየኖረች ሳለ አገር ታመሰ። በድንበር በኩል ውጊያ ተነሣ። ሬዲዮው ቃል የሌለው ሙዚቃ ብቻ ማሰማት ያዘ። ሰው ፍራሹን ጠቅልሎ በጭነት መኪና ወደ ከተማው ጎረፈ፤ አራት መቶ የሚሆኑት ከቲያትር ቤቱ ጀርባ ያለው የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሰፈሩ። ቲያትር ቤቱም ስምንት ዓመት የተሳቀበትን ኮሜዲ አወረደ። አዘጋጁ፣ ፀጉሩ ከሐሳቡ ቀድሞ የሚቆም ወጣት ሰው፣ ሁሉንም መድረክ ላይ ሰብስቦ አወጀ።

«አገር እየነደደ ሰው አናስቅም! አዲስ ሥራ እንፈጥራለን። ደራሲ የለም፣ ጽሑፍ የለም፤ በቀጥታ ከሰዎቹ ሕይወት!»

ሁሉም አጨበጨበ። እሷም ልታጨበጭብ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። ጽሑፍ ከሌለ ምን አይታ ሹክ ልትል ነው?

«እትዬ፣ አንቺ አታስቢ» አላት አዘጋጁ። «ልብስ ክፍል ቦታ አይጠፋም። የተበጠሰ ቁልፍ መትከል፣ ምናምን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠላቷ ሆነ። ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች፤ ሻይ አስቀድታ ሳትጠጣው ትወጣለች፤ አንድ ቀን ቲያትር ቤቱን ሰባት ጊዜ ዞራ ዘበኛው «እታለም፣ የጠፋብሽ ዕቃ አለ?» ብሎ አብሯት ፈልጓል። በሦስተኛው ቀን አዘጋጁ ቢሮ ገባች።

«ሰዎቹ የሚሉትን ማን ይይዘዋል?» አለች። «ነጎድጓድ? የልጆቹን ስም መዳፉ ላይ ጽፎ የሚዞር ሰው?»

አዘጋጁ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ቆመ። «እሺ። ሂጂና ቃላቸውን ሰብስቢ። ለመድረክ የሚሆን ነገር ካመጣሽ ወንበርሽ ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ልብስ ክፍል።»

ለአዳራሹ ኮሚቴም «ነገ ጠዋት ቃል አቀባያችን መጥታ ታነጋግራችኋለች» የሚል ደብዳቤ ላከ። ማኅተሙ ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ ይመስል በቀጥታ የቲያትር ቤቱ ስም ላይ አርፎ ዋጠው።

በማግሥቱ አዳራሹ ስትገባ አራት መቶ ሰው ብድግ አለ። በቅርጫት ኳሱ ሜዳ መሀል ጠረጴዛ ቀርቧል፣ ጨርቅ ለብሷል፣ የታሸገ ውሃ ተቀምጦበታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጡረተኛ መምህር፣ ኮታቸውን ቆልፈው ወደ እሷ መጡና መታወቂያዋን አነበቡ።

«ክብርት ቃል አቀባይ፣ እንኳን በደህና መጡልን!»

«ኧረ እኔ የቲያትር ቤቱ ነኝ» አለች፤ አለች ማለት፣ ሹክ አለች።

«ጸጥታ!» አሉ መምህሩ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ምስጢር እየነገሩን ነው!»

ባንሾካሾከች ቁጥር ማዕረጓ ከፍ አለ። አንዱ ከሚኒስትር በላይ መሆን አለባት አለ፤ ሌላው እንዲህ ቀስ ብሎ የሚናገር ባለሥልጣን አይቶ ስለማያውቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰልፉ ተሠራ። ብትታገል ጮክ ብላ «አይደለሁም» ማለት ትችል ነበር። ግን ልብስ ክፍል የሚጠብቋት የተበጠሱ ቁልፎች ታዩዋት። ደብተሯን ገለጠች።

እስከ ማታ ድረስ ጻፈች። ከሁሉ በኋላ የቀረበችው አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች።

«ባለቤቴ መኪናው ሊነሣ ሲል የስፌት መኪናዬን ሊያመጣልኝ ተመለሰ» አለች። «ተወው ማለት ሲገባኝ፣ እኔ ‹መርፌውንም እንዳትረሳ› አልኩት። ይኸው አርባ ቀን። እርስዎ ትልልቆቹ ዘንድ ይደርሳሉ። የሚፈልጉት ሰዎች ሲያገኙት ‹መርፌው ይቅር ብላሃለች› ይበሉት። ሌላ አልፈልግም።»

ጻፈችው። «ይቅር» የሚለውን ሁለቴ።

ልምምዱ ላይ ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። ነጎድጓድ ድንበር ላይ ሰው የሚፈልግ ሰው ሆኖ «መርፌው ይቅር!» ሲል የመብራት ሠራተኛው መሰላል ላይ እንዳለ አለቀሰ፤ እንባው ወርዶ አዘጋጁን አረጠበው። ጉዱ ይህ ብቻ አይደለም። ነጎድጓድ ያንን ቃል በሁለተኛው ቀን ያለ ሹክታ አለው! በሕይወቱ በቃሉ የያዛት የመጀመሪያዋ ነገር ነበረች። አዘጋጁ «ቲያትሩ ይኸው ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ወንበሩ የእሷ ሆነ፤ «መርፌው ይቅር» የሚል ፖስተርም በየግድግዳው ተለጠፈ። አንዱ ስፖርት አዳራሹ በር ላይ።

ልብስ ሰፊዋ በማግሥቱ ልምምድ መሀል በሩን በርግዳ ገባች።

«የታለች ቃል አቀባይ ተብዬዋ?»

ቃል አቀባይዋ ከመጋረጃው ጎን ወጣች።

«እርስዎ ብዬሽ ነበር!» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «አፌን ሞልቼ እርስዎ! ቃሌን ለቢሮ ትወስዳለች ብዬ ስሰጥሽ፣ አንቺ ለዚህ ሰውዬ መጮኺያ ሰጠሽው?»

ነጎድጓድ የተቀመጠበት ተሸማቀቀ።

«ቢሮ እወስዳለሁ አላልኩም...»

«አልወስድምም አላልሽ! ቃሌን መልሺልኝ።»

አዘጋጁ በመሀል ገባ። «እህቴ፣ በዚህ መድረክ ሺህ ሰው ይሰማሻል እኮ!»

«እኔ ሺህ ሰው አልጠፋኝም። አንድ ነው የጠፋኝ።»

አዘጋጁ ወደ ቃል አቀባይዋ ጆሮ ተጠጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሹክ የተባለችው እሷ ሆነች። «መክፈቻው ከነገ ወዲያ ነው። ያንን ገጽ ከሰጠሻት ወንበሩንም አብረሽ አስረክቢ።»

እግሯ አላርፍ አለ። ወንበሩን አየች፣ ደብተሩን አየች፣ የሴትዮዋን የተዘረጋ እጅ አየች። ገጹን ቀደደችው። በሃያ ስድስት ዓመት ከእሷ ወገን የተሰማው ትልቁ ድምፅ ይህ የወረቀት ድምፅ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ግን አልሄደችም። «ምን ትገተሪያለሽ? ነይ እንጂ። ትወስጂልኛለሽ ብዬ ነበር፤ ትወስጂያለሽ።»

ተያይዘው የጠፉ ሰዎች የሚመዘገቡበት ቢሮ ሄዱ። ሰልፉ እንደ ባቡር ይረዝማል። ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊው ቀና አለ። «እርስዎስ ማን ነዎት?»

መታወቂያዋን ገለበጠችው። «አብሬያት የመጣሁ ነኝ።»

«ምን?»

«አብሬያት የመጣሁ!» ለሦስተኛ ጊዜ ስትለው መስኮቱ ነዘረ። ጸሐፊው ወረቀቱን ከቅጹ ጋር አያይዞ ማኅተም መታበት። ይደርሳል አላለም፤ አይደርስምም አላለም።

ቲያትር ቤቱ ግን ጉድ ፈልቶበታል። ፖስተሩ ተነቅሏል፤ ልብስ ሰፊዋም ዳግመኛ መጥታ «ያንን ቃል አንድ ሰው ቢተነፍስ መድረኩ ላይ ወጥቼ እተኛበታለሁ» ብላ ስለዛተች ቃሉ ከቲያትሩ ወጥቷል። ከነጎድጓድ ጭንቅላት ግን አልወጣም። ስምንት ዓመት የተጫወተውን ኮሜዲ የማያስታውስ ሰው ያንን ቃል መርሳት አቃተው! ሌላ ቃል ሰጡት፣ «መርፌው ይቅር» አለ። ዘፈን አስገቡለት፣ በዜማ «መርፌው ይቅር» አለ። በስተመጨረሻ አዘጋጁ ቦታው ባዶ ይሁን፣ ሰላሳ ትንፋሽ ያህል ዝም በል አለው።

«ዝም ማለት ማን አስተማረኝ?» አለ ነጎድጓድ ላብ በላብ ሆኖ። «እሷን አምጡልኝ። እሷ ካላየችኝ ያመልጠኛል።»

አዘጋጁ እሷ ቁልፍ እየተከለች ወዳለችበት ልብስ ክፍል በእግሩ ወረደ። «እትዬ» አለ ጣሪያውን እያየ፣ «የምታቀብዪው ነገር የለም። የምታስቀሪው ግን አለ።»

በመክፈቻው ቀን ከሰዓት ቲያትር ቤቱ ጢም አለ፤ የስፖርት አዳራሹም ሰው ከነመምህሩ መጥቷል፤ ልብስ ሰፊዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ቦታው ደረሰ። ነጎድጓድ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ፣ ደረቱ በአየር ተሞላ፣ ከንፈሩ ለ«መ» ገጠመ። ቃል አቀባይዋ ከግራ በኩል ካለው ወንበሯ ሆና እንዲያቆም እጇን አነሣች።

ያዘው። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት፣ አምስት። ወንበር ሲጢጥ አለ። አንድ ሰው ሳለ። አሥር። ተመልካቹ የሆነ ነገር የተበላሸ መስሎት እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ሰላሳ ያለው አዘጋጁ ራሱ ትዕግሥቱ አልቆ ከኋላ በር ሆኖ በሁለት እጁ «በቃ! ቀጥሉ!» ይላል። የነጎድጓድ ጉንጭ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ዓይኑ ይለምናታል። አሥራ ሰባት። ከሦስተኛው ረድፍ ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች፤ ወደ መድረኩ ልትወጣ ይሁን ወደ በሩ አይታወቅም፤ እዚያው ቆመች። ቃል አቀባይዋ ክንዷ ዝሏል፣ እጇ ግን እንደተነሣ ነው።

አሥራ ስምንት።