ጓሳ የለበሰው ኮንቴነር

ኮንቴነሩ ከተማችን ሞላሌ የገባ ዕለት ገበያው ገበያ አልነበረም። ሰው ዶሮውንና ሽንኩርቱን እንደያዘ ክሬኑን ከቦ ቆመ። ክሬኑ ያንን የሚያህል ብረት ከመኪናው ላይ አንስቶ አየር ላይ ሲያወዛውዘው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ቄስ እንኳ ጥላቸውን አጥፈው አንጋጠጡ። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ፣ ገመዱ ቢበጠስ ምን እንደሚመስል አስብ ነበር። ሰው ላይ ይውደቅ አላልኩም፤ ሰውማ ራቅ ብሎ ነው የቆመው። ወድቆ ጥምም ቢል ግን ቅር አይለኝም ነበር።

ገመዱ አልተበጠሰም። ኮንቴነሩ በተደለደለለት ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ እህቴም እልል አለች።

እህቴ ታናሼ ናት። ባሏ ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴነር እየጫነ ወደ መሃል አገር የሚያመላልስ የተሳቢ ሹፌር ነው። ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተው ሲኖሩ ቆይተው፣ እናቷ አጠገብ ሆና ትነግድ ብሎ ከአገልግሎት የወጣ ኮንቴነር ገዛላት። የአባታችን ቦታ መንገድ ዳር ነው። ከኋላ የእናታችን ቤት አለ፤ ከፊት በአንዱ ጎን የእኔ ሱቅ፣ በሌላው ጎን ደግሞ እናቴ ያጠበችውን የበግ ጠጉር የምታሰጣበት ባዶ መሬት ነበር። ኮንቴነሩ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት እኔ ሱቄን በዚያ በኩል ላስፋው ብዬ ስጠይቃት እናቴ "ጠጉሬን የት ላስጣ?" ብላኝ ነበር። እህቴ ስትጠይቃት "አጥር ላይ አሰጣዋለሁ" አለች። እናቴ የመጀመሪያውን ረስታዋለች፤ እኔ አልረሳሁም።

የእኔ ሱቅ የድንጋይና የጭቃ ነው። ሞላሌ ሁሉ ቆርቆሮ ሲለብስ እኔ የጓሳ ሣር ክዳኔን አልቀየርኩም፤ ቆርቆሮ ብርድ ይጠራል። የምሸጠው ባና ነው፤ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ፣ የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ወፍራም ብርድ ልብስ። በገበያ ቀን እናቴ በርጩማዋን ይዛ ትመጣና ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። እንዝርቷ ሲሾር ያየ ገበያተኛ ቆም ይላል፣ ጤናዋን ይጠይቃል፣ ከዚያ እጁ ሳያስበው ባናው ላይ ያርፋል። እሷ ሳትኖር ሱቁ ሱቅ አይመስለኝም። ይህን ነግሬያት አላውቅም፤ የሚነገር ነገርም አይመስለኝም ነበር።

ኮንቴነሩ በተከፈተበት ቀን እናቴ ልትመርቅ ሄደች። በርጩማዋን ይዛ ነው የሄደችው። "ለዛሬ ብቻ" አለችኝ። በሚቀጥለው ገበያ በርጩማው እዚያው ነበር። በሚቀጥለውም እንደዚያው።

ቅናት እንዴት እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው ካለ እኔን ይጠይቅ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ብረት ነው። ሰማያዊ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጎኑ ተጨርምቷል፤ የፈረንጅ ፊደል ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል። የእህቴ ባል ሲመጣ ሰው ከቦት ስለ ወደቡ ያወራል። ኮንቴነር በኮንቴነር ላይ ፎቅ ሆኖ ተደራርቦ፣ መርከቡ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከተማ መስሎ ይታያል ይላል። እናቴ ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ውስጡ ምን ነበር? እሱም እንደማያውቅ ይነግራታል፤ በሩ በማኅተም ታሽጎ ነው የሚረከበው፣ ሹፌር ምን እንደጫነ አያይም። እናቴ በዚህ ትገረማለች። እኔ ደግሞ ከደብረ ብርሃን አልፌ የማላውቅ ሴት፣ ባሕር ተሻግሮ በመጣ ብረት ቀናሁ። ብረት እኮ ነው።

የእህቴ ዕቃ ደግሞ ያው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አበባ አበባ ያለበት ቀጭን ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ሹራብ። ደንበኞቼ ባናዬን ይዳብሳሉ፣ "ይኼማ ዕቃ ነው" ይላሉ፣ ከዚያ መንገዱን ቀጥ ብለው ሄደው አበባውን ይገዛሉ። እህቴ ስልኳን በገመድ አድርጋ በሯ ላይ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። ስልክ እንዳላት ሰው ሁሉ እንዲያይላት ነው አልኩ። ለባሌም ነገርኩት። ባሌ ገበሬ ነው፣ ወሬ አይወድም፤ ገብሱን ቆረጠመ።

ከዚያ ውርጩ ገባ።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት እህቴ ስትጮህ ሰምቼ ወጣሁ። ኮንቴነሩ ውስጡ ዘንቦበታል። ዝናብ ግን አልነበረም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ብረቱ ሌሊቱን በውርጭ ሲቀዘቅዝ ያድራል፣ ጠዋት በሩ ሲከፈትና ፀሐይ ሲነካው ከጣሪያው ላይ ላብ ይወርዳል። አበባው ብርድ ልብስ ሁሉ ረጥቧል። ከንፈሬን መጠጥኩላት፣ ዕቃውን ወደ ፀሐይ አብሬ አወጣሁላት፤ ውስጤ ግን፣ ምን ልደብቅ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እናቴ አሁን ትመለሳለች አልኩ።

እህቴ አልተሸነፈችም። መራጊ አስጠራች። የመንዝ ሰው ቤት ሲበርደው የሚያውቀው መላ አንድ ነው፤ ጭቃና ጭድ አቡክቶ መምረግ። መራጊው የብረቱን ግድግዳና ጣሪያ ከውስጥ ቆንጆ አድርጎ መረገው፣ እበት ለቀለቀው፤ ገብቶ ላየው ሰው ኮንቴነር መሆኑ ጠፋ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች "እንዲህ ነው ሥራ" አሉ። እኔም ተሳካላት ብዬ አምኜ ነበር፤ ስለዚህ ነው ያን ያህል የተናደድኩት። ጭቃ ግን ድንጋይና እንጨት እንጂ ብረት አይዝም። አንድ ጠዋት የጣሪያው ምርጊት በሙሉ ግልብጥ ብሎ ሹራቡ ላይ ወረደ። የእህቴ ባል በስልክ ሲሰማ ሳቀ አሉ። ወደቡ ላይ እርጥበት የሚጠጣ ነገር ያለበት ከረጢት ከዕቃው ጋር ውስጡ ይሰቅላሉ፣ እኛ አገር ግን ብረቱን ከላይ ማልበስ ነው የሚሻለው አለ።

ማልበስ ማለት በእኛ አገር ጓሳ ነው። ጓሳ ደግሞ እንደ ልብ የሚታጨድ ሣር አይደለም። ሜዳው ተዘግቶ ይጠበቃል፤ አጫጆች የሚገቡት ማኅበረሰቡ ሲፈቅድ ብቻ ነው፣ እሱም መብት ላለው ሰው። የባሌ ወገኖች መብት አላቸው። የእህቴ ባል የሌላ አገር ሰው ነው፤ አንዲት ነዶ አያገኝም። በዚያ ዓመት ጓሳው ሲከፈት ባሌ ድርሻውን አጭዶ በአህያ አመጣው፤ የሱቄ ክዳን አርጅቶ ስለነበር ክረምት ሳይገባ ሊቀየር ነው። ነዶውን ደጃፌ ላይ፣ ከኮንቴነሩ በር ፊት ለፊት ከመርኩት። ሌላ ቦታ አጥቼ አልነበረም።

ጠይቂኝ፤ በልቤ ያልኩት ይህንን ነው። መጥታ "እትዬ፣ ሣር ስጪኝ" ትበለኝ። እህቴ አልጠየቀችም። እናቴም አልጠየቀችላትም። እናቴ በዚያ በሚያንጠባጥብ ብረት አፍ ላይ ተቀምጣ፣ የበግ ጠጉሩን ላስቲክ አልብሳ ትፈትላለች። ጠብታው ነጠላዋ ላይ ያርፋል፤ ትጠርገውና ትቀጥላለች። የእኔን ደረቅ ሱቅ ትታ። ይህ ከሁሉም በላይ አቃጠለኝ።

አንድ የገበያ ቀን አልቻልኩም። እህቴ ከደንበኛ ጋር ወደ ውስጥ ስትገባ ሄጄ እናቴ ፊት ቆምኩ።

"እማዬ፣ እኔ ዘንድ ደረቅ ነው" አልኳት።

እናቴ እንዝርቷን አላቆመችም። "ከውስጥ ኔትወርክ የለም" አለችኝ፣ በአገጯ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ስልክ እያሳየችኝ። "ብረቱ አያስገባም። እሷ ዕቃ ስታወርድ ቢደወል አትሰማም። እኔ ልስማላት ብዬ ነው።"

ነገሩ አልገባኝም። ምን ይሰማል አልኳት።

"ትናንት ባሏ ከሚሌ፣ ከአፋር በረሃ ደውሏል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ እኔ አላውቀውም። ስልኩ ዝም ሲል እህትሽ ብር መቁጠር ያቅታታል። አየሻት?" አላየኋትም ነበር። "አንቺ ማታ ማታ ባልሽ በሬውን ሲያስር ትሰሚዋለሽ። እሷ የምትሰማው ይሄንን ነው።"

ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ አንዲት ገበያተኛ ዞር አለች።

"የምትጠይቂኝ ስለ ኮንቴነሩ ነዋ" አለች እናቴ።

ከዚህ በኋላ ልቤ ራራ፣ ቅናቱ በነነ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልሆነም። እንዲያውም ባሰብኝ። እናቴ አበባ ወዳ፣ አዲስ ነገር ወዳ ብትሄድ ኖሮ ቢያንስ እቆጣት ነበር። እንዲህ ያለ ምክንያት ይዛ ስትቀመጥ ምን ይደረጋል? የምቆጣው አጣሁ፤ ቁጣው ግን አለ። ቤቴ ገብቼ ባሌን ሣሩን ኮንቴነሩ ላይ እንዲከድነው ነገርኩት። ለእህቴ ብዬ አይደለም። እናቴ ሳል ጀምሯት ነበር። ባሌ "የእኛስ?" አለ። የእኛ ይቆያል አልኩት።

ባሌ ማገሩን አስሮ፣ ጓሳውን ደልደል አድርጎ፣ ያንን ሰማያዊ ብረት እስከ ግንባሩ አለበሰው። ገበያው ሳቀ። ኮንቴነር ጎጆ ለበሰ እያሉ ከየቀበሌው እየመጡ ያዩት ጀመር። ሊያይ የመጣ ባዶ እጁን አይመለስም፤ አንዳንዱ ሹራብ፣ አንዳንዱ መጋረጃ ይዞ ይሄዳል። ላቡም ቆመ። በገዛ ሣሬ የእህቴ ሱቅ ደመቀ፤ እኔ አበባው ብርድ ልብስ በፊቴ ሲያልፍ እየቆጠርኩ ዋልኩ። እህቴ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ብትናገር ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ጠባይ ያዘኝ። የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሲገባ ከእህቴ ቀድሜ በር ላይ የምቆመው እኔ ሆንኩ። የእህቴ ባል ተሳቢውን እዚያ አቁሞ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው። በየቅዳሴው ስሙን ማንሳት ጀመርኩ፤ ጎማው እንዳይፈነዳ፣ ፍሬኑ እንዳይከዳው፣ በረሃውን በሰላም እንዲያልፍ። ሰው ቢሰማኝ ደግ ሴት ናት ይለኛል። እኔ የማስበው እሱ ሲመጣ ስልኩ ጠባቂ እንደማያስፈልገው ነው።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡሱ ወረደ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ደህና ነው። እህቴ ነጠላዋ ወድቆ እየተጎተተ ሮጠች። እናቴ ሳመችው፣ መንገዱን ጠየቀችው፣ ከዚያ እንዝርቷን ጉያዋ አድርጋ በርጩማዋን አነሳችና ግቢውን አቋርጣ ወደ እኔ መጣች። ሰላም እንኳ አላለችኝም፤ ከትናንት ወዲያ ተነስታ እንደሄደች ሰው የድሮ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች።

ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ወረደ፤ እናቴ በርጩማዋን ከደጃፉ ወደ በሩ ውስጥ ሳብ አደረገች። ያረጀው ክዳኔ መጀመሪያ በአንድ ጥግ፣ ቀጥሎ በመሃል ማፍሰስ ጀመረ። ባናውን ወደ ግድግዳው ስጎትት ጠብታው እናቴ ትከሻ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ከማዶ፣ ከጓሳው ሥር፣ እህቴ ቆማለች። ባሏ አጠገቧ ሆኖ ያወራታል፤ እሷ ግን የምታየው ወደ እኛ ነው። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ከዚህ በር ላይ ሆኜ እኔው ወደዚያ ሳይበት የከረምኩት ነው።

"እማዬ፣ እዚህ ደረቅ ነው" ብላ ተጣራች።

እናቴ ቀና ብላ አየቻት፤ ቀጥሎ ጣሪያዬን አየች። እኔ የያዝኩትን ባና እንደያዝኩ ቆምኩ። እናቴ እጇን ጉያዋ ውስጥ ሰደደች፣ ያንኑ ላስቲክ አውጥታ የበግ ጠጉሩን አለበሰችና መፍተሏን ቀጠለች።