ታማሚው በአካል ይቅረብ

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ኮሮናን ለመከላከል ያላደረገው ነገር አልነበረም። በር ላይ ባለ ቧንቧ በርሜል አስቀመጠ። ጥበቃው ሽጉጥ የሚመስል ሙቀት መለኪያ ተሰጠውና በየጠዋቱ ግንባራችን ላይ ይደግን ጀመር። መለኪያው ሁላችንንም ሠላሳ አራት ይለናል፤ በእሱ ቁጥር ከሄድን ግማሾቻችን ከሞትን ሰንብተናል። እጃችንን ታጥበን፣ አልኮል ተቀብተን፣ ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀን ከገባን በኋላ፣ ከጠረጴዛው ጋር በክር በታሰረች አንዲት እስክሪብቶ ተራ በተራ የሰዓት ፊርማ እንፈርማለን። አንዳንዱ ከመፈረሙ በፊት ጫፏን ነከስ አድርጎ ያስባል። ለገዛ ፊርማው ምን እንደሚያስብ እንጃ።

እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ከፒያሳ ወደ ሥላሴ ሲሄዱ መንገድ ላይ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ጡረታዬ ገና ነው። የሕመም ፈቃድ መመሪያው ከኮሮና በፊት የወጣ ሲሆን ኮሮና መጥቶም የነካው የለም። የታመመ ሠራተኛ ዋናውን የሐኪም ወረቀት፣ ማኅተም ያለበትን፣ በሦስት ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ ለሰው ሀብት ያስረክባል። ካላስረከበ እንደቀረ ተቆጥሮ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። በአጭሩ፣ መታመምህን ለማስረዳት ደህና መሆን ነበረብህ።

ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ደህና አልነበረም፤ ግን መመሪያ አክባሪ ሰው ነው። አንድ ማክሰኞ ወረቀቱን ሊያስረክብ መጣ። የሰው ሀብት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበር እስኪወጣ ድረስ ወንበሩ ላይ፣ ማለትም ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳለ። ሲስል ማስኩ እንዳይቆሽሽበት ወደ አገጩ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሲጨርስ በጥንቃቄ መልሶ አፉ ላይ ያደርገዋል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ቤትህ ግባ» አልኩት።

«አቦ አታካብድ! ጉንፋን ነው። ማመን ካቃተህ ወረቀቱን እይ።»

አየሁት። እውነትም ጉንፋን ይላል። ሦስት ቀን እረፍት ይላል። ክብ ማኅተም አለው። ክብ ማኅተም ካለው ነገር ጋር ማን ይከራከራል?

ያን ሰሞን በግቢያችን ሰው ሁሉ ነጭ ሽንኩርት እንደ ለውዝ ነበር የሚቆረጥመው። ቅዳሜ ጠዋት አንዱን ልጬ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት፤ ምንም። ነከስኩት፤ ምንም። ወዲያው ሄጄ ተመረመርኩ፤ ሐኪሙም ማኅተም ያለበት የእረፍት ወረቀት ጻፈልኝ። በማግስቱ ስልክ ተደወለና ቫይረሱ እንዳለብኝ ተነገረኝ።

የምኖረው ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ ከእናቴ ጋር። ግቢው ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። እናቴ የቆየ አስም አለባት፤ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷ እያፏጨ ነው የሚከርመው። ያ በሽታ እሷን ከያዛት እንደማትችለው ሐኪሟም ነግሮኛል፣ እኔም አውቃለሁ። ስለ ራሴ የፈራሁት ጥቂት ነው። የፈራሁት ለእሷ ነበር፣ በጣም ፈራሁ።

የደወለልኝ የጤና ባለሙያ ትሑት ሰው ነበር። «ለብቻህ አንድ ክፍል ያዝ፤ መታጠቢያ ቤትም የራስህን ብቻ ተጠቀም» አለኝ። ስድስት አባወራ ሆነን በአንድ ሽንት ቤት የምንጠቀም ሰዎች ነን። «እሺ» አልኩት። ምን ልበለው? ከመታጠቢያ ቤቶቼ የትኛው እንደሚሻል ላማክረው?

እናቴን ቤት ውስጥ ትቼ እኔ ግቢው ማዶ ያለችው ማድ ቤት ገባሁ። በሽሮና በበርበሬ ጣሳዎች መካከል ፍራሽ አነጠፍኩ። ምንም ስለማይሸተኝ ተመቸኝ። እናቴ ምግቤን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ እሷ ደጃፏ ስትደርስ እኔ ወጥቼ አነሳለሁ። ከዚያ እሷ በእሷ ደጅ፣ እኔ በእኔ ደጅ ተቀምጠን እየጮኽን እናወራለን። ግቢው ሁሉ ገመናችንን ሰማ፤ ድሮም የማያውቀው ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ ዕለት የሰው ሀብት ኃላፊው ደወለ።

«ዋናው ወረቀት አልደረሰንም» አለ።

«ጋሼ፣ ኮሮና እኮ ነው የያዘኝ።»

«ሰምቻለሁ፣ እግዜር ይማርህ። ነገ ይዘኸው ብቅ በል።»

«ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ።»

«አይቼዋለሁ፣ ጥርት ብሎ ይታያል። መመሪያው ግን በአካል ነው የሚለው።»

«በአካል ከመጣሁ እርስዎንም አስይዝዎታለሁ!»

«ግድ የለም፣ መስኮት እከፍታለሁ» አለኝ።

መስኮቱን የሰማሁ ጊዜ የቀረ ድምፄን አውጥቼ ጮኽኩበት፤ አልመጣም፣ ከፈለጋችሁ አባርሩኝ፣ ከነመመሪያችሁ ገደል ግቡ አልኩ። እሱ ሳይቆጣ «እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ይጻፋል ማለት ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እናቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ከትንሽ ቆይታ በኋላ «ያን ወረቀት በርጩማው ላይ አስቀምጥልኝ እስቲ» አለችኝ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«እዚያ ከበርበሬ ጋር ይጨማለቅብሃል። ሳጥኔ ውስጥ ላኑርልህ።»

በፌስታል ጠቅልዬ አስቀመጥኩላት። አልኮል አርከፍክፋበት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወሰደችው። እንዲህ ስትጠነቀቅ ሳያት ደስ አለኝ፤ ተምራለች አልኩ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በደንብ የሚሠራ አንድ ክፍል ቢኖር ማኅበራዊ ኮሚቴው ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል፣ አለቃ ሲታጣ ፋይል ይቆማል፣ ኮሚቴው ግን ቆሞ አያውቅም። ለቅሶ ይደርሳል፣ ሠርግ ይሄዳል፣ አራስ ይጠይቃል። አንድ አባል ሳምንት ከተኛ ኮሚቴው ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ቤቱ ድረስ ይመጣል። ሰብሳቢው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? የሰው ሀብት ኃላፊው ራሱ ነው። በስልክ የሰደብኩት ሰው እኔን ከመጠየቅ አልቀረም፤ ስድቡ የሥራ ጉዳይ ነው፣ ጥየቃው ሌላ ጉዳይ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ሆነው በአንዲት ትንሽ መኪና ተፋፍገው መጡ። ባለ ጉንፋኑ ባልደረባዬም አለበት፤ በእሱ ሳቢያ ነው የታመመው የሚሉ ሰዎች ስላሉ ሳይመጣ ቢቀር ያስወቅሰዋል። ማድ ቤቱ በር ላይ ብቅ ስል አምስቱም ግቢው መግቢያ ላይ ቀጥ አሉ።

«አትጠጋ! እዚያው ሁን!» አለ ኃላፊው። «እግዜር ይማርህ!»

«አላህ ያሽርህ!» አለች ከሒሳብ ክፍል የመጣችው።

«አሜን! በሉ እንግዲህ፣ ስለመጣችሁ እግዜር ያክብርልኝ» ብዬ ልሸኛቸው ጀመርኩ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ስንቱ ነገር በቀረ። ግን ጥየቃ ቁጭ ብለው ካልጠየቁት ጥየቃ አይባልም፤ ቆሞ የሄደ ሰው ሊያይ እንጂ ሊጠይቅ አልመጣም። በሽተኛው ደግሞ አይቀረብም። እየተያዩ ሲቆሙ የሐምሌ ዝናብ ወረደ።

እናቴ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተች። «ኧረ ግቡ! ዝናብ መታችሁ እኮ!»

«እማ! እንዳታስገቢ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ድሮም ተዘግቷል፤ በዚያ ላይ ማስክ አድርጌያለሁ፤ በዚያ ላይ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ጫማቸውን እየጠረጉ አንድ በአንድ ገቡ። ዝናቡ እንዳይገባ በሩንም ዘጉት። በሽተኛውን መጠየቅ ስላልተቻለ የበሽተኛው እናት ተጠየቀች።

በማድ ቤቱ በር ቆሜ የተዘጋ በር ሳይ አንድ ሰዓት አለፈ። ልሂድና ልበትናቸው ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፤ ብሄድ ደግሞ ቫይረሱን ይዤላት የምገባው እኔ ነኝ። የእናቴ ቤት አንድ አልጋ፣ አንድ መደብና ሁለት ወንበር ያላት ክፍል ናት። የቆርቆሮው ጩኸት ሰው ስለማያሰማማ አፍና ጆሮ ገጥመው እንደሚያወሩ፣ ማስኩም እንደወለቀ ሳላይ አውቅ ነበር። ደግሞ ሳቃቸው ይሰማኛል። ከሳቁ መካከል ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ የሰማሁትን ሳል ለየሁት።

ዝናቡ ሲያባራ ወጡ። ኃላፊው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «ተረክቤያለሁ!» አለ። ከዚያ አምስቱም ለእኔ ደህንነት ሲሉ በግድግዳው ጥግ ጥግ፣ ከእኔ የቻሉትን ያህል ርቀው ወጡ።

እናቴ ፊቷ በርቷል። «ጨርሼልሃለሁ» አለችኝ። «ለሰውየው በእጄ ሰጠሁት። ልጄን እንጀራውን እንዳታሳጡብኝ ብዬ ለመንኩት። ደግ ሰው ነው፣ በአካል ተቀብያለሁ ብዬ እፈርማለሁ አለኝ። ያ የሚስለው ልጅም ጥሩ ልጅ ነው፣ ሲያግዘኝ ነበር።»

«አጠገብሽ ነበር የተቀመጠው?»

«አልጋው ላይ፤ ሌላ የት ይቀመጥ?»

ያን ቀን ለእናቴ የተናገርኩትን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ለማንም የማይነገር፣ ለእናት ደግሞ ጨርሶ የማይነገር ነው። እሷ በርጩማው ላይ ያመጡልኝን ብርቱካን አስቀምጣ ገባች።

ሐሙስ ዕለት ማሳል ጀመረች። ቅዳሜ ትንፋሽ አጠራት፤ አምቡላንስ መጥቶ ወደ ሕክምና ማዕከል ወሰዳት። ከኋላ ሲያስገቧት ነጠላዋን አስተካክላ እጇን አነሳችልኝ። አብሬ ልሂድ ስል ከለከሉኝ። ማዕከሉ በር ላይ ጠያቂ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ እንዳለ ነገሩኝ፤ እኔም ደንቡን አከበርኩ። በአራዳ ደንብ የሚያከብር አንድ ሰው ቢጠፋ እኔ እገኛለሁ፣ በዚህ እኮራ ነበር። በየቀኑ ነርሷን በስልክ እጠይቃለሁ፤ «ኦክስጅን ላይ ናት፣ ደህና ናት» ትለኛለች። የእኔ ቀን አልቆ ነጻ ነህ ተባልኩ፤ ሥራ ገባሁ። እናቴ የት እንደተኛች የቢሮ ሰዎች ሲጠይቁኝ ነገርኳቸውና «ግን አይፈቀድም፤ እባካችሁ አትሂዱ» አልኳቸው። ቢያንስ አንድ ጊዜ መመሪያ የሚባል ነገር እንዲገባቸው ፈልጌ ነበር። አንገታቸውን ነቅንቀው «እሺ» አሉ።

እናቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣች። ተረፈች። ሐኪሟም እኔም ተሳስተናል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተሳስቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትንፋሿ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። መስከረም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥላሴ ልትሳለም ወጣች፤ ክንዷን ይዤ በየሃያ እርምጃው እየቆምን ሄድን። አንዱ ቦታ ላይ የሱቅ ደረጃ አገኘንና አረፍ አለች።

ስለ ማዕከሉ አንስታ አታውቅም ነበር። እዚያ ደረጃ ላይ ማውራት ጀመረች። አልጋዋ መስኮት ሥር ነበር፤ ከመስኮቱ ማዶ አጥሩ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ሰው አጥሩ ሥር ይቆማል፤ መነሳት የቻለ በሽተኛ በመስኮት እጁን ያወዛውዛል። ያቃተውን ነርሶቹ ቀና ያደርጉታል።

«የቢሮህ ሰዎችም መጥተው ነበር» አለች። «ሁለት ጊዜ። ዝናብ ላይ ቆመው። ያ የሚስለው ልጅ ሙዝ አንጠልጥሎ ከሩቅ ያሳየኛል። ነርሷ ቀና አደረገችኝና እጄን አነሳሁላቸው።»

የቢሮ ሰዎች አንድም ቃል አልነገሩኝም።

«አንተ ግን ለምን አልመጣህም?» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፣ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

«እማ፣ አይፈቀድም እኮ ነበር።»

ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኳት።

«ለእነሱስ ተፈቅዶላቸው ነው?» አለችኝ።