የእትዬ ሎኮ ክፍል

ይህን ነገር ለሚስቴም አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም ዘልዬዋለሁ። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህቺን ብቻ አፌ ላይ አድርሼ እውጣታለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ እናንተ ስሙኝ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ዲላ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ከእኔ በላይ ሙያ የሚያውቅ ያለም አይመስለኝም ነበር። አቶ ሰይፉ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የጣሊያን እስፖርት መኪና ነበረቻቸው። ያረጀች ናት፣ ሆኖም ስታልፍ ከተማው ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር። በኋላ ግን የወናጎን መንገድ በያዘች ቁጥር እንደ ደነበረ ፈረስ ትዘል ጀመር። አሞርዛቶሯ አልቋል። አሞርዛቶር ዘይት የያዘ ቱቦ ነው፤ መኪናውን የተሸከመውን የሞላ ብረት ንጥረት የሚያበርደው እሱ ነው። ውስጡ ያለው ቀለበት ካለቀ ዘይቱ ይፈስና መኪናው መሪ አይሰማም። አዲስ ከውጭ ይምጣ ቢባል ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። አቶ ሰይፉ በርካሽ መላ ካልፈለግህላት እጥላታለሁ አሉኝ።

ከዲላ ወጣ ብሎ ባለው ጪጩ ገበያ ዳር እትዬ ሎኮ የሚባሉ ቆዳ አልፊ ስልቻ ይሸጡ ነበር። ማር የሞላው ስልቻቸው ከሥሩ ጠብ አይልም። ማር የያዘ ዘይት አያቅተውም ብዬ ያለቀውን ቀለበት ከነቱቦው ወስጄ አሳየኋቸው። አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ ጠፍጣፋ አድርገሽ ቁረጪልኝ አልኩ። እትዬ ማለትን የተማርኩት ካረጀሁ ወዲህ ነው።

እርሳቸው ቱቦውን በጣታቸው ለኩ፣ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ጠፍጣፋውን ትተው ቆዳውን እንደ ሲኒ አጎድጉደው ሠሩት። ዘይቱ በገፋው ቁጥር የቆዳው ከንፈር ይበልጥ ከቱቦው ጋር ይጣበቃል። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው! መኪና ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም እኮ። እኔ ሞተር ስፈታ የኖርኩት ያላሰብኩትን እርሳቸው እንሰት ሥር ቁጭ ብለው አሰቡት።

እየሠሩ ያወሩኝ ስለ ዝናብ ነበር። በጌዴኦ ዝናብ እርጥብ ቆዳ መቼ ይደርቃል? ከለፉበት ግማሹ ይበሰብስባቸዋል። ከፈጣሪ የሚለምኑት አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ።

ለአራቱም ጎማ ሠርተውልኝ ገጠምኩ። አቶ ሰይፉ ወናጎ ደርሰው ሲመለሱ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር።

«ይህን የቆዳ ቀለበት የሠራው ማን ነው?» አሉ። «ጪጩ ያለው የቡና ማጠቢያዬ ፓምፑ ሁልጊዜ ያፈሳል። ባዶ ክፍል አለኝ፤ ልስጠውና እዚያው እየሠራ ይኑር።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እኔ ነኝ አልኩ። እትዬ ሎኮ ትርፍ ቆዳ ይዘው መጥተው ከጋራዡ በር ላይ ቆመው ነበር። አቶ ሰይፉ ይህችስ ማን ናት ሲሉኝ፣ ቆዳ ልትሸጥ የመጣች ናት አልኩ።

ለምን? በዚያ ዘመን ቆዳ የሚያለፋ ሰው ፋቂ ይባል ነበር፤ ቤት አይገባም፣ አብሮት የሚበላ የለም። አቶ ሰይፉ የፋቂ እጅ የነካትን መኪና አልነዳም እንዳይሉ ፈርቼ ነው ልላችሁ እችላለሁ። ውሸቴን ነው። እርሳቸው እንዲህ ላለው ነገር ግድ እንደሌላቸው አውቅ ነበር። የፈራሁት እኔ ከፋቂ ተማረ እንዳይባል ነው። ክፍሉንም ፈልጌዋለሁ።

ገባሁበት። የፓምፑን ቆዳ በጓሮ በር ከእትዬ ሎኮ እየገዛሁ በራሴ ስም አስረከብኩ። እርሳቸው ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በሚቀጥለው ክረምት ግን አንድ ቀን ዶፍ ሲወርድ መጡ፤ ማንም አልጠራቸውም። አቶ ሰይፉ በገበያው በኩል ሲያልፉ እትዬ ሎኮ መኪናዋን አይተዋታል።

«ቀዩ መኪና የኋላ ግራው ለቋል» አሉኝ። «ሰውዬው ገደል ይገባል። ይሄን አድርግበት።»

ከብብታቸው አዲስ ቆዳ አወጡ። ልብሳቸው ይንጠባጠባል፣ ቆዳው ደረቅ ነበር። ከጪጩ ገበያ እስከ ማጠቢያው ድረስ በጭቃ የመጡት ስማቸውን እንኳ ላልሰማ ሰው ነፍስ ነው። እኔ ብሆን እመጣ ነበር? አልመጣም።

ከበሩ ላይ ቆመው ቀና አሉ።

«ጥሩ ጣሪያ ነው» አሉ።

ተመልሰው ሄዱ። ቆዳውን ገጠምኩት። አቶ ሰይፉ ዕድሜ ጠግበው በአልጋቸው ላይ ሞቱ። እትዬ ሎኮም የሉም፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ ከእናንተም አልለምንም። ክፍሉ የእርሳቸው ነበር። ያን ቀን ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ ይግቡ አላልኳቸውም።