የባህሩዲን ኩሽኔታ

ባሌ ኸድሩ ከገደብ ወደ ዲላ በተሳቢ ቡና የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። በሰባ አራት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አብሬው ስሄድ፣ ወርቃ ከተማ አጠገብ የተሳቢው የጎማ ኩሽኔታ ተሰበረና ቆምን። እኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። እንደ ሹፌር ወግ መንገዱ ላይ ቅጠል ጎዘጎዝን። ቅጠል አይቶ የማይቆም ሹፌር ሰው አይባልም። የሰፈራችን ሰው፣ ሹፌሩ ባህሩዲን ግን ትርፍ ኩሽኔታ ይዞ፣ ክላክስ እያደረገ፣ ቅጠላችንን ጨፍልቆ አለፈ። መለዋወጫ እስኪመጣልን ሦስት ቀን ጭቃ ላይ አደርን።

ከዚያ ወዲህ ኸድሩ ከክሪኩና ከመፍቻው ጋር ሁለት ኩሽኔታ ይይዝ ጀመር። ግራሶ ቀብቼ በጨርቅ የምጠቀልላቸው እኔ ነበርኩ። «ሁለተኛው ለምንህ ነው?» ሲሉት «ለባህሩዲን» ይላል። ደግነት መስሏቸው ይመርቁት ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ እዚያው ወርቃ፣ ባህሩዲንን ኩሽኔታው ተሰብሮ፣ ቅጠል ጎዝጉዞ ቆሞ አገኘነው። ኸድሩ ወርዶ ሁለተኛውን ኩሽኔታ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«ይሆንሃል?»

«ይሆነኛል! አላህ ይስጥህ ወንድሜ!»

ኸድሩ መልሶ ተቀበለውና በጨርቁ ጠቀለለው። «በሦስተኛው ቀን አመጣልሃለሁ» አለው።

ኸድሩን «ቅጠሉን ጨፍልቀህ እለፍ» ያልኩት ግን እኔ ነኝ።