«ያንቺ እግር ነው!»

ነገሩ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ኩራዝ በለኮስኩ ቁጥር ስለሚያንገበግበኝ ነው መጻፌ።

እህቴ ዘሃራ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ጅማ ሆስፒታል እንዲያደርሳት የገበሬ ማኅበሩ ሾፌር ጂፑን ይዞ መጣ። እኔና የባሏ አባት ደግፈናት ከኋላ ተቀመጥን።

ሾፌሩ ከጀሪካን ወደ መኪናው ሲቀዳ አንድ ሽታ መጣብኝ። ቤታችን ኩራዝ የምሞላው እኔ ነኝ፤ ነጭ ጋዝ አይጠፋኝም። ግን ዓይን አፋር ነኝ፤ የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለ መኪና ምን አውቃለሁ ብዬ ሻሼን አፌ ላይ ሳብኩ።

ከአሰንዳቦ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ዳገት ላይ ተንተፋተፈና ጠፋ። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ይሽከረከራል፤ አይነሳም። ሾፌሩ ወርዶ ካንዴላ ፈታ፤ ብልጭ ይላል። የቤንዚን ቱቦውን ነቀለ፤ ይፈሳል። ዘሃራ ክንዴን ነክሳ ታቃስታለች።

«ባትሪው ደህና፣ እሳት አለ፣ ቤንዚን ይመጣል» አለና ወደ እኔ ዞረ። «የቀረሽው አንቺ ነሽ። ያንቺ እግር ነው! ውረጂ!»

እውነት መስሎኝ ወረድኩ። ሞከረ፤ እምቢ አለ።

«ራቅ በይ!»

ራቅኩ።

«ገና ነሽ፣ ከዛፉ ወዲያ!»

ዛፉ ጋ ስደርስ የዘሃራ ጩኸት ተሰማኝ። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«ቤንዚን አይደለም! የኩራዝ ጋዝ ነው!»

የባሏ አባት ጣታቸውን ከቱቦው በሚፈሰው ነክረው አሸተቱ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ ልክ ነሽ። አንተ፣ የማኅበሩን ቤንዚን ለማን ሸጥከው?»

«አባባ፣ ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች?» አለ። ራሱ ግን አላሸተተም።

ቡና የጫነ መኪና አነሳን፤ ዘሃራ ጅማ ሳንደርስ ጆንያ ላይ ወለደች። አልሃምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ሾፌሩን ማንም አልጠየቀውም። በሳምንቱ አራስ ሊጠይቅ መጣ። ከቀበሌው ሱቅ ጋዝ ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ነበርን። የያዘው አንድ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ ነው! እናቴ መረቀችው። የባሏ አባትም ጠርሙሱን አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ኩራዙን ሙዪ እንጂ» አለችኝ እናቴ።

ሞላሁ።

ሰፈሩ ዛሬም «እግሯ መኪና ያቆመ» ይለኛል። በሰርግ ቀን እንኳ የሙሽራው መኪና አጠገብ አያስደርሱኝም። ያናድደኛል። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ጀሪካኑ ሲቀዳ ዝም ማለቴ ነው። አሁን መኪና ከመሳፈሬ በፊት ሰው እያየኝ ጎንበስ ብዬ የቤንዚኑን ክዳን አሸታለሁ። የሚስቅ ይሳቅ።