መጽሐፉን የማንበቤ ጥፋት

ይህን በማውራቴ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ዝም ካልሁ ግን ፍትሕ ይጓደላል።

ኮኪት ከተማ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር፣ ከልብወለድ የተሠራውን የቴሌቪዥን ድራማ ተከታይ ክፍል እያየን፣ ድራማው ውስጥ ያለው ባል ተገደለ።

"የመጀመሪያው ክፍል ይሻል ነበር! ይኸ ምኑ ድራማ ነው?" ብለው አጫጆቹ ጮኹ።

እኔም ተናደድሁ። "መጽሐፉ ላይ የሚገድለው ወንድሙ እንጂ ጎረቤቱ አይደለም! አበላሹት!"

የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌው አያ ሞላ፣ ወደ እኔ ዞሩ። "እንደሚገደል ታውቅ ነበር?"

"ካነበብሁት ዓመት አልፎኛል" አልሁ በኩራት።

"ዓመት ሙሉ አውቀህ ዝም? ከገዳዩ በምን ትሻላለህ? የሟቹን ሚስት ካልታረቅህ ቀሪውን አታይም!"

ቀሪውን ካላየሁ፣ ሌላ ምን እንዳበላሹ ማን ይመሰክራል? ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ በምታለቅሰው ሴት ፊት ተንበረከክሁ።

"ማሪኝ፣ እህቴ።"

ወዲያው የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። አያ ሞላ በሩን አሳዩኝ። "አየህ? ፊቷን አዞረችብህ።"

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትነግሩ።